ምልክት ያለበት ደም

አንድን ነገር ከመሰሎቹ መካከል ለይቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሚሻ ሰው ምልክት ከማድረግ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። የላስታ እረኛ ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገውም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የአምስት ቤት በግ በአንድ መስክ ተቀላቅሎ ሲውል፣ ማታ የማን የማን እንደሆነ የሚለየው በጆሮ ስንጥቅ ወይም ባንገቱ ላይ በታሰረ ጨርቅ ነው። ምልክቱ ስለ በጉ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ጥጋበኛ ይሁን ፈሪ፣ ይታመም ጤነኛ ይሁን ስንጥቁ አይናገርም። የሚናገረው ከየት እንደመጣና የት እንደተገኘ ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሕይወት ያለውን ነገር ለማወቅ ሲል ምልክት የሚያደርግ ሰው፣ ምልክት ለተደረገበት ነገር ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄውን ከበጉ ላይ አንሥቼ ወደ ደም ላዛውረው። በደም ላይ ነገሩ ይበልጥ ጠርቶ ይታያልና።

በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። በማይክሮስኮፕ ያያቸው ሰው በየዓይነታቸው ሊለያቸው ይችላል። ኑትሮፊል አለ፣ ሊምፎሳይት አለ፣ ሌሎችም አሉ። ነገር ግን አንዱን ኑትሮፊል ከሌላው ኑትሮፊል የሚለየው የለም። ዛሬ ጧት በክንዴ ያለፈው ሕዋስ ማታ በሳንባዬ ይሁን፣ በእግሬ ቁስል ውስጥ ይሁን፣ ወይስ ሞቶ ይሁን፣ በማየት ብቻ ማንም አያውቅም። የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን እነዚህን ሕዋሳት «ወታደሮች» እያሉ አስተምረውናል። እኔ ስሙን አልወደውም። ወታደር አዛዥ አለው፤ እነዚህ ግን የላቸውም። ሥጋ ሲቆስል ወይም ባክቴሪያ ሲገባበት፣ ከቦታው የሚለቀቀውን ኬሚካል እየተከተሉ፣ የደም ሥሩን ግድግዳ ሾልከው ይሰበሰባሉ። ይህ የንብ ሥራ እንጂ የጦር ሠራዊት ሥራ አይመስለኝም። ለንብ ደግሞ ላስታ ባዕድ አይደለችም። ንጉሥ ላሊበላ ስሙን ያገኘው ሲወለድ ንቦች ስለከበቡት ነው ይባላል። በብልባላ ጊዮርጊስም ንቦቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አብረው ይኖራሉ፤ ማራቸውን ሕዝቡ መድኃኒት ነው ብሎ ያምናል። ውኃ ልትጠጣ የወረደችን ንብ በዓይኑ ተከትሎ ወደ ገደሉ የወጣ ሰው መኖሪያዋን ያገኛል። ነጭ የደም ሕዋስን የተከተለም እንዲሁ የተደበቀ ቁስል ያገኝ ነበር፤ ግን ንቧ በሰማይ ትበራለች፣ ሕዋሱ የሚሄደው በሥጋ ውስጥ ነው። ዓይን አይከተለውም።

መላውን ያመጣው ጆርጅ ደ ሄቬሲ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ኬሚስት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1911 ግድም ማንቸስተር ከተማ ተመራማሪ ሳለ፣ የሚኖርበት ቤት አከራይ ባለፈው ቀን የተረፈውን ምግብ መልሰው እየከለሱ ያቀርቡልናል ብሎ ይጠራጠራል። ሴትዮዋ ይክዳሉ። እሱም አንድ ቀን ትራፊው ላይ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ነገር ጣል ያደርግና ከጥቂት ቀን በኋላ መለኪያውን ይዞ ማዕድ ይቀርባል። መለኪያው ጮኸ ማለት ይቻላል። ወሬው እንዲህ እየተባለ ይነገራል። የእኛን ካፌቴሪያ ወጥ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚመኝ አላጣሁትም። ቀልዱን እንሳቅበትና ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ከዚያ ትራፊ አብረውት የበሉት ሌሎች ተከራዮች ፈቃዳቸውን ተጠይቀው ነበር ወይ? በወሬው ውስጥ ስማቸው እንኳ የለም። ሄቬሲ በ1923 ያንኑ ዘዴ ለቁም ነገር አውሎት፣ ራዲዮአክቲቭ እርሳስ የባቄላ ተክል በሥሩ መጥጦ እስከ የት እንደሚያደርሰው ለካ። የ1943ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዚህ ሥራው ተሰጠው። አከራይቱ ምንም አልተሰጣቸውም።

ከባቄላ ወደ ሰው ደም እንለፍ። በ1976 ታኩርና ማካፊ የተባሉ ተመራማሪዎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ኢንዲየም 111 በሚባል አይሶቶፕ ምልክት የሚያደርጉበትን መንገድ አሳተሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ ደግሞ በቴክኒሺየም 99ኤም የሚሠራው መጣ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። እንበልና አንድ የላስታ ገበሬ ሳምንታት የቆየ ትኩሳት አለበት። ሐኪሙ ሆድ ዕቃው ውስጥ የተቋጠረ መግል፣ ወይም አጥንቱ ውስጥ የገባ ቁስል እንዳለ ይጠረጥራል፤ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። ከክንዱ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ይቀዳል። ቀዩ ወደ ታች እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ነጩ ይለያል፤ ይታጠባል። ከዚያ አይሶቶፑ ስብ በሚወድ ኬሚካል ተሸክሞ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ኬሚካሉ ይለቀዋል፣ አይሶቶፑ ውስጥ ይቀራል። እነዚያው ሕዋሳት ለዚያው ሰው በደም ሥሩ ይመለሱለታል። ቀጥሎ ሰውየው ጋማ ካሜራ ሥር ይተኛል። ካሜራው ብርሃን አይተኩስበትም፤ ከሰውየው የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ። መጀመሪያ ሳንባው ይታያል፤ ሕዋሳቱ እዚያ ጥቂት ይዘገያሉና። ቀጥሎ ጣፊያው፣ ጉበቱ፣ የአጥንት መቅኔው። እነዚህ ሁሉ የሚጠበቁ ናቸው። ባልተጠበቀ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቀኝ ጎድን በታች ወይም ቅልጥሙ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ከሰዓት ሰዓት እየደመቀ ከመጣ ንቦቹ ተሰብስበዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማድነቅ ይገባል፤ እኔም አደንቃለሁ። ሐኪሙ ሥጋውን ሳይቀድ፣ ሰውየውም «እዚህ ጋ» ብሎ ሳይጠቁም፣ ራሱ ሰውነቱ ጠቆመ። ሰውነት ሐኪሙ ከማወቁ በፊት ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ዕውቀቱን የሚያሰማበት አፍ ነው። አይሶቶፑ አፍ ሆነለት።

ይሁንና ያፉን ቃል ሁሉ ማመን ይገባል? ካሜራው የሚያየው ሕዋሱን አይደለም፤ አይሶቶፑን ነው። ሕዋሱ ሲሞት አይሶቶፑ አብሮት አይሞትም። የሞተውን ሕዋስ ሌላ በላተኛ ሕዋስ ይውጠዋል፤ ምልክቱም ከዋጪው ጋር ይቀራል። ስለዚህ በጉበትና በጣፊያ ላይ የሚታየው ድምቀት ከፊሉ ሕያዋን ያረፉበት፣ ከፊሉ ሙታን የተበሉበት ነው፤ ፎቶግራፉ ግን ሁለቱን አይለይም። እረኛ ለዚህ ምሳሌ አያጣም። በጉ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ፤ ማታ ጅብ በጉን ከነቃጭሉ ዋጠው። ጧት ከገደሉ ሥር ቃጭል ይሰማል። የቃጭሉን ድምፅ ተከትሎ የሄደ ሰው የሚያገኘው በግ አይደለም፤ አያ ጅቦን ነው። በዚህ ምክንያት ቃጭል ማሰር ይቅር የሚል እረኛ ግን ያለ አይመስለኝም። ቃጭሉን ሲሰማ ግን «በጌ ደኅና ነው» ብሎ አይምልም፤ ሄዶ ያያል። ዕውቀት የሚበላሸው ምልክቱን ስለሠራንበት አይደለም፣ ሄዶ ማየቱን ስለተውን ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል። ምልክቱ ራሱ ምልክት የተደረገበትን ይጎዳል። ኑትሮፊል ዕድሜው አጭር፣ ዳግም የማይከፈል ሕዋስ ስለሆነ ጨረሩን ይችላል። በደም ውስጥ የሚቆየው ጊዜ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ውስጥ በግማሽ የሚቀንስ ነው፤ የቴክኒሺየምም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ በአጋጣሚ ጥሩ መንገደኞች ናቸው። ሊምፎሳይት ግን ሌላ ነው። ያየውን ጠላት ለዓመታት የሚያስታውስ፣ አስፈላጊ ሲሆን የሚባዛ፣ ለጨረርም ስስ የሆነ ሕዋስ ነው። በኢንዲየም ምልክት የተደረገበት ሊምፎሳይት ክሮሞሶሙ ሊሰበር እንደሚችል በ1980ዎቹ ታውቋል። የሚያስታውሰውን ሕዋስ ትውስታው የት እንደሚሄድ ለማወቅ ስንከተለው ትውስታውን እናጠፋበት ይሆናል ማለት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ስለ ሊምፎሳይት ጉዞ ከምናውቀው ትልቁ ነገር የተገኘው በዚሁ በምልክት መሆኑ ነው። ከሊምፍ ቱቦ ወደ ደም በየቀኑ የሚገባው የሊምፎሳይት ብዛት በደም ውስጥ ያለውን ሁሉ ደጋግሞ የሚተካ ሆኖ ተገኝቶ፣ «ታዲያ ወዴት ይሄዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን አስጨንቆ ነበር። ይሞታሉ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የኦክስፎርዱ ጄምስ ጋዋንስ በ1959 እና በ1964 ባሳተማቸው ሥራዎች፣ የአይጥ ሊምፎሳይቶችን ራዲዮአክቲቭ ምልክት አድርጎ ወደ ደም መለሳቸው። አልሞቱም። ከደም በሊምፍ ዕጢ በኩል ወጥተው፣ ወደ ሊምፍ ገብተው፣ እንደገና ወደ ደም ተመለሱ። የጠፋ የመሰለው ሁሉ እየዞረ ነበር። ይህን ግኝት ሳነብ ምልክት ማድረግ ሁሉ በደል ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ አገራችን ላምጣው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ፣ የመጀመሪያው ዲሬክተር በኖርዌጂያዊው ቶሬ ጎዳል ዘመን፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሊምፎሳይት ላይ ጥናት ያካሂድ ነበር። ይህ ጥናት ሕዋሱን በሰውነት ውስጥ የሚከተል አልነበረም፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚያዳምጥ ነበር እንጂ። መሣሪያው ግን ያው ራዲዮአክቲቭ ምልክት ነው። የሰውየው ነጭ የደም ሕዋሳት ከሞተ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር ለቀናት አብረው እንዲቆዩ ይደረጋሉ። ባክቴሪያውን የሚያውቀው ሊምፎሳይት መባዛት ይጀምራል፤ ለመባዛት ዲኤንኤ መሥራት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ታይሚዲን የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። ታይሚዲኑ ራዲዮአክቲቭ ሆኖ ከተሰጠው ምን ያህል እንደወሰደ በመለኪያ ይቈጠራል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሕዋሱ «አውቀዋለሁ» አለ፤ ዝቅ ካለ «አላውቀውም» አለ።

የተገኘው ሁለት ነገር ነው። በ1971 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰውነታቸውን ባክቴሪያው የሞላው የከባዱ ዓይነት ሕሙማን ሊምፎሳይቶች በጠቅላላ የደከሙ አልነበሩም። ሌላውን ያውቃሉ፤ ይህን አንዱን ብቻ ለይተው አያውቁትም። በራቸውን ለዚህ አንድ እንግዳ ብቻ ክፍት እንደተወ ቤት። ሁለተኛው ግኝት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከሕሙማን ጋር አብረው የኖሩ ወይም የሠሩ ጤነኛ ሰዎች፣ አንድ ምልክት በቆዳቸው ላይ የሌለባቸው፣ ደማቸው ሲመረመር የብዙዎቹ ሊምፎሳይት ባክቴሪያውን ዐወቀው። ማለት፦ ባክቴሪያው ገብቶባቸው ነበር። ሰውነታቸው ሳይነግራቸው አሸንፎት፣ ነገሩን ዘግቶ አልፏል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ግኝት ይዘን ላሊበላ እንሂድ። በገና ዋዜማ፣ ነጭ ለባሹ ምእመን ከየአገሩ ሲጎርፍ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰልፈው የሚቀመጡትን ሰዎች ያላየ የለም። ጣታቸው የተቆረጠ፣ አፍንጫቸው የሰመጠ። ምጽዋት የሚሰጥ አለ፤ ሳንቲሙን ከከፍታ ጣል የሚያደርግም አለ፤ እጁ እጃቸውን እንዳይነካ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከኋላዬ ኮሌታዬን ይዘው «ወደዚህ ጠጋ በል» ሲሉኝ አስታውሳለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለምጽዋቱም አይሰስቱም ነበር። በዘር ይተላለፋል ይሉ ነበር፤ ጋብቻ የሚጠየቅበት ቤት ሁሉ «አጥንቱ ንጹሕ ነው ወይ?» ተብሎ ይመረመራል። በዚያ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የተቈጠረው ቁጥር ይህን ድንበር አፍርሶታል። ሳንቲሙን ከከፍታ የሚጥለው ሰው ባክቴሪያውን ድሮ አግኝቶት ይሆናል። በተቀማጩና በቋሚው መካከል ያለው ልዩነት አንዱ የነካው፣ ሌላው ያልነካው መሆኑ አይደለም፤ የአንዱ ሊምፎሳይት አወቀ፣ የሌላው አላወቀም፤ ይኸው ነው። ይህ ደግሞ ከኃጢአትም፣ ከዘር ንጽሕናም፣ ከጥንቃቄም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጥንቃቄማ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ምንኛ በተጠቀሙ!

ሳይንስ ለሥነ ምግባር የሚያበረክተው ነገር የለም የሚሉ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢያስቡበት እወዳለሁ። አንድ የታይሚዲን ሞለኪውል «ንጹሕ» እና «ርኩስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከሥራ ውጭ አደረጋቸው። ቃላቱ ግን ከሥራ መባረራቸውን ገና አልሰሙም።

ነገሩ ሌላም ገጽ አለው፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ አድልዎ ይሆናል። ተቋሙ ስሙን የወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ከገርሐርድ አርማወር ሐንሰን ነው። ታላቅ ሰው ነው፤ በሽታው በዘር እንዳልሆነ በማሳየቱ ብቻ ስንት ቤተሰብ ከሐሜት እንዳዳነ ማን ቈጥሮት! ይኸው ሰው በ1879 ከአንድ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር በቤርገን ሆስፒታል ተኝታ በነበረች ሌላ ሴት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ሳያስፈቅዳት በመርፌ አስገባ። ይተላለፍ እንደሆነ ለማየት ነው። ሴትዮዋ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መስክራለች። ለምን አላስፈቀድካትም ሲባል የሰጠው ምክንያት፣ እሷ ጉዳዩን እኔ ባየሁበት ዓይን አታየውም ብዬ ነው የሚል ነበር። በ1880 ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሹመት ሻረው። እስቲ መልሱን ልብ በሉት። «እሷ እኔ ባየሁበት ዓይን አታየውም»! የተነካው ደግሞ የእሷው ዓይን ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው እኮ ሌላው ሰው በሌላ ዓይን ስለሚያይ ነው፤ ሁላችን አንድ ዓይን ቢኖረን ኖሮ ፈቃድ የሚባል ነገር ባላስፈለገ።

እኔ በነጭ የደም ሕዋስ ምርመራ ላይ አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል፤ ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር። የተወሰደው ደም ለተወሰደበት ሰው ነው የሚመለሰው። ይህ ትሕትና አይደለም፤ ግዴታ ነው። የአንዱን ለሌላው ቢሰጡት የደም ዓይነቱ ላይስማማ፣ በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ በቤተ ሙከራው ውስጥ ትልቁ ጥንቃቄ የሚደረገው በስም ላይ ነው፤ ቱቦው ላይ የተጻፈው ስምና አልጋው ላይ የተኛው ሰው አንድ መሆን አለባቸው። በሌላ አነጋገር ዘዴው ራሱ ሕግ አለው፦ የወሰድከውን ላዘዘኸው ሳይሆን ለወሰድክበት መልስ። ለጥናት ብቻ የሚቀዳ ደም ግን እንዲህ አይደለም። ከክንድ ይወጣል፣ ወደ ክንድ አይመለስም። ሊመለስ የሚችለው በሌላ መልክ ነው፤ በመድኃኒት፣ በፍርሃት መቀነስ፣ በክብር። በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መድኃኒቶችን አዋሕዶ መስጠትን ከመከረ ወዲህ፣ ሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቈይ ማስተላለፉ ይቆማል። ይህ በመድኃኒት የተመለሰው ነው። በክብር መመለስ ያለበትን ግን ማን ይቀዳዋል፣ በማንስ ክንድ ይገባል?

ይህን ጉዳይ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ከአንድ የመቄት ልጅ ጋር ስንከራከር ሰንብተናል። እሱ የግብርና ተማሪ ነው፤ ነገር አያሳምርም። «አንተ ደግሞ!» ይለኛል፤ «ላስታ ላይ ያለ ሰው ንጹሕ ውኃ ሳይጠጣ ጋማ ካሜራ ልታለብሰው ነው? መጀመሪያ ሳሙናው ይድረስ።» ግማሹን አምንለታለሁ። የሥጋ ደዌም ሆነ የሌላው ቁስል ዋና መፍትሔው ቀላሉ ነገር በጊዜው መድረሱ ነው። ግማሹን ግን አላምንለትም። ንጹሕ ውኃ የሚያሻው ሰው የተደበቀ መግል አይይዘውም ያለው ማነው? ድሀ ቀላል በሽታ ብቻ ይታመም የሚል ሕግ የለም።

ነገር ግን የጓደኛዬ ክርክር አንድ ነገር እንዳሰላ አስገደደኝ። የቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው ብያለሁ። በ24 ሰዓት አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይቀራል፤ በ48 ሰዓት ከ256 አንዱ። በዚህ የተነሣ ቴክኒሺየሙ ራሱ አይጓዝም፤ የሚጓዘው እናቱ ሞሊብዲነም 99 ናት፤ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት ነው። በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ታሽጋ፣ በዓለም ላይ በጣት ከሚቈጠሩ የኑክሌር ማብላያዎች ወጥታ በአውሮፕላን ትመጣለች። ባለሙያዎቹ በቀልድ «ላሟ» ይሏታል፤ በየቀኑ ጧት ቴክኒሺየም ይታለባታልና። ከግንቦት 2009 ጀምሮ የካናዳው የቾክ ሪቨር ማብላያ ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘጋ፣ በብዙ አገሮች ላሟ ነጥፋ ነበር። አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ነው፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል አለ። ከላሊበላ አዲስ አበባ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣ ትኩሳታም ሰው ወልድያ ወይም ደሴ ያድራል። እሱ መንገድ ላይ ባደረበት ሌሊት ለእሱ ቢታለብ የነበረው ቴክኒሺየም ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ ግማሽ እያለ ያልቃል። የዕውቀት ግማሽ ዕድሜና የመንገድ ርዝመት እንዲህ ይገናኛሉ። ሥነ ምግባርን የሚያስተምሩን መጻሕፍት ስለ መንገድ ርዝመት ብዙ አይጽፉም፤ መጻፍ ነበረባቸው። አንድ ሰው «የሚችል ሁሉ ይገባዋል» ሲል «የሚደርስ ሁሉ» ማለቱ ነው፤ መድረስ ደግሞ በኪሎ ሜትር ይለካል።

የመቄቱ ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «ታዲያ ምልክቱ ካለቀ በኋላስ?» አለኝ። ጥያቄውን ያነሣው ለማፌዝ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ይዞኛል።

ምልክቱ ካለቀ በኋላማ ሰውየው ከሌላው ሰው አይለይም። ካሜራው ሥር ሲተኛ ጨረር ይወጣው የነበረ ሰው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ገበሬ ነው። ለመርፌውና ለቱቦው እንኳ ደንብ አለ። የተጠቀሙበት ነገር ሁሉ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ቀኑ ይጻፋል። አሥር ግማሽ ዕድሜ ያህል ይጠበቃል፤ ለቴክኒሺየም 60 ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ከሺህ አንድ የማይሞላ ይቀራል። መለኪያ ይቀርብለታል፤ ከአካባቢው የተለየ ነገር ካልተሰማ የማስጠንቀቂያው ምልክት ከላዩ ይላጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም የሕክምና ቆሻሻ ነው። ልብ በሉ፤ ምልክቱን የማንሣቱ ሥራ በደንብ የተጻፈ፣ ኃላፊ ያለው ሥራ ነው። በራሱ ጊዜ ይረሳል ተብሎ አይተውም።

ሥጋ ደዌ ታሞ የዳነ ሰው የሕክምናው ጊዜ ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ቀኑ ካርዱ ላይ ይጻፋል። መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ካርዱን በኪሱ ይዞ፣ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወደ ላስታ የተመለሰ ሰው ባክቴሪያ የለበትም፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱለትም። የጣቶቹን ነገር ያየ ካርዱን አይጠይቅም። ልጁን ለመዳር ሲፈልግም ሽማግሌዎቹ የሚቈጥሩት ሌላ ነገር ነው። በልጁ ደም ውስጥ ያለውን ሊምፎሳይት አስቈጥሮ «ያውቀዋል» ቢባል ደግሞ፣ በላብራቶሪው ቋንቋ «ድኖ ያለፈ» ማለት የሆነው ቃል በመንደሩ ቋንቋ «ነበረበት» ተብሎ እንዳይተረጐም እፈራለሁ። የመቄቱ ልጅ «እንዲያማ ከሆነ ደሙን አትንካበት» ይላል። እኔ ደግሞ የሽማግሌዎቹም ደም አብሮ ይቈጠር እላለሁ።